ሣጥን ደብቆ ስለ መፈለግ ጨዋታና ስለ ፈረሰው ካብ

በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር





ስለ መዋጮውና ስለ ድንኳኑ የተነጋገርነው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የተወሰነው ይህ በሦስተኛ ደረጃ የተነሣው ጉዳይ ነው። ምክንያቱም በስብሰባው ያልነበሩ ሰዎች ወሬውን በየመንገዱ እያጣመሙ ሲያወሩት ሰምተናል። ግማሹ «ወርቅ ተገኘ» ይላል፤ ግማሹ «ፈንጂ ነበር» ይላል። ወርቅም አልተገኘም፤ ፈንጂም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቃብሩ በላይ፣ በድሮው የበቅሎ መንገድ ዳር የነበረው የድንጋይ ካብ ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሌሊት ተንዶ አደረ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በካቡ ስንጥቅ ውስጥ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሸጉጦ ነበር። ከብት የሚያስገባ ሰው ከሩቅ አያቸው። ያየውን ለአንድ ሰው ነገረ፤ ያ አንድ ሰው ለሦስት ነገረ፤ እንደምታውቁት ነው። ሌሊቱን ዶማ ይዘው የወጡት እነማን እንደሆኑ ማኅበሩ አላጣራም፤ ለማጣራትም አልፈለገም። ሲነጋ ካቡ ተበትኖ፣ መሬቱ እስከ ጉልበት ተቆፍሮ ተገኘ። ሚሊሻዎች ተጠሩ። ቆርቆሮው ግን ክዳኑ ሳይከፈት ከድንጋዩ ሥር ወድቆ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ የወተት ቆርቆሮ አይተው ንቀው ትተውት ሄደዋል! ሲከፈት ግማሽ ደብተር፣ አንድ እስክርቢቶ፣ አንድ የቁልፍ መያዣና አንድ የንጉሡ ዘመን ሃያ አምስት ሳንቲም ተገኘበት። በቃ፤ ይኸው ነው ወርቁ።

ልጁን ጠርተን ጠየቅነው። አንዳንዶቻችሁ እንድንቀጣው ጠብቃችሁ ነበር። እኛ ግን መጀመሪያ የሚለውን እንስማ ብለን ቁጭ አልን፤ ከሰማን በኋላም ነገሩ ከጠበቅነው የተለየ ሆነብን። ስለዚህ ያስረዳንን በምንችለው መጠን እናስረዳችኋለን። የእኛ ትምህርት የአንደኛ ደረጃ በመሆኑ የተሳሳትነው ካለ ልጁ ራሱ እዚህ አለ፤ ያርመን።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ትንሽ ሣጥን ወይም ቆርቆሮ አንድ ቦታ ያስቀምጥና የቦታውን ቁጥር ለሌሎች ያሳውቃል። ሌላው ሰው በስልኩ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያ ቁጥሩን እየተከተለ ይሄዳል፤ ሣጥኑን ያገኛል፤ ስሙንና ቀኑን በውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይጽፋል፤ መልሶ እንደነበረ ያስቀምጠዋል። ከሣጥኑ ዕቃ የወሰደ በምትኩ ዋጋው የማያንስ ሌላ ዕቃ ይተካል። ሽልማት የለውም። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ብለን ጠየቅነው። «ሰውየው ባያስበው ኖሮ የማይረግጠውን ቦታ ይረግጣል» አለን። ይህ መልስ እኛን ትንሽ አሳሰበን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አጀማመሩ ይህን ይመስላል። አሜሪካኖች ወደ ሰማይ የሰደዷቸው ሳተላይቶች አሉ፤ ቢያንስ 24 ናቸው፤ ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። መሣሪያው ከነዚህ ከአራቱ የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ቀድሞ ለሲቪል ሰው የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለ ነበር እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ፤ ስሕተቱም ወደ 10 ሜትር ገደማ ወረደ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 25፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው በኦሪጎን ክፍለ ሀገር ዱር ዳር አንድ ጥቁር ባልዲ አስቀምጦ ቁጥሩን አሳወቀ፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ተገኘ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ ደግሞም አንድ ጣሳ ባቄላ ነበረበት። ባቄላውን ስንሰማ ሳቅን፤ ለኛማ ባቄላ ደብቀህ ፈልግ ቢሉን ማን ይነሣል! ለማንኛውም ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ በደንባቸው ክልክል ነው፤ አውሬ ይጠራልና። በዓለም ላይ አሁን የዚህ ዓይነት ሣጥን ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው ይባላል።

ሐሳቡ ግን ከሳተላይቱ በፊትም ነበረ። በ1846 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዳርትሙር በሚባለው ደጋ ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሚር በሚባል ረግረግ ዳር ጠርሙስ አኖረ። እስከዚያ ድረስ በእግሩ የደረሰ ሰው የስም ካርዱን ይከትበት ነበር። ዳርትሙር ብርዳምና ጭጋጋም አገር ነው አሉን፤ ስለዚህ እኛንም ይመስላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እኛን የከበደን እሱ ነበር። ዓለም እንደ እርሻ በመስመር ተከፋፍሏል እንበል። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው፤ ይህ የሰዓት ደቂቃ አይደለም። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲለካ አንዱ ደቂቃ 1,850 ሜትር ያህል ነው። ደቂቃው እንደገና በሺህ ሲከፈል አንዱ ክፋይ ከሁለት ሜትር ያንሳል። እንግዲህ ቁጥሩ በትክክል ከተጻፈ ሰውየው ከፈለገው ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ይቆማል ማለት ነው። ገደል ሥር ግን ስልኩ ይቀባዥራል፤ ሰማይ በደንብ ካላየ አይሆንለትም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስልኩ ቦታውን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንኳ ሳተላይቱ ሥራውን አላቋረጠም ነበር።

ልጁ ያን ቆርቆሮ ያስቀመጠው ለምን ነበር? ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው አውቶቡስ አቀስታ ይቆማል፤ መንገደኛው ምሳውን ይበላል፤ ይሄዳል። ስለ ከተማችን «ብርድ ነበር» ከማለት በቀር የሚያወራው የለውም። «አንድ ሰው እንኳ ግማሽ ሰዓት ወርዶ ዙሪያውን ቢያይ ብዬ ነው» አለን። ደግሞም እውነቱን እንናገርና፣ ልጁ ቆርቆሮውን ከማስቀመጡ በፊት ሁለት ጊዜ ጽሕፈት ቤታችን መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ነገ ተመለስ» ብለነዋል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ በቃለ ጉባኤም እንዲገባ አድርገናል።

ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ሁለት ማታ ተቀምጦ ተከራከረ። አንዱ ወገን ጨርሶ ይቅር አለ። ሌላው ይፈቀድ አለ። በመጨረሻ የተስማማንበት፣ ጨዋታው ይኑር፤ ሣጥን ግን አይኑር የሚል ነው። ምክንያታችንን እንድታውቁት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ጊዜው ሣጥን የሚደበቅበት ጊዜ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸውን እናውቃለን። ከዚያም በኋላ በየሜዳው የቀረ ያልፈነዳ ተተኳሽ ስንት ሕፃን እንደጎዳ በየጊዜው ሰምተናል። ልጆቻችንን «የማታውቁትን ብረት አትንኩ» ብለን ስናስተምር ከርመን፣ አሁን ደግሞ «ድንጋይ ሥር ያለ ቆርቆሮ ፈልጋችሁ ክፈቱ» እንበላቸው? አይሆንም። ማታ ካብ ሥር የሚያጎነብስን ወጣትስ የጸጥታ ሰው ምን ብሎ ያየዋል? ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሰላም በሆነበት በእንግሊዝ አገር እንኳ በ2003 ዓ.ም. ዌዘርቢ በተባለች ከተማ እንዲህ ያለውን ሣጥን ሰዎች ፈንጂ መስሏቸው መንገድ ተዘግቶ ባለሙያ መጥቶ አፈንድቶታል።

ሁለተኛው ምክንያት መቆፈሩ ነው፤ እኛን ከሁሉ የበለጠ ያሳመመን እሱ ነው። በአገራችን «ጣሊያን ቀብሮት ሄደ»፣ «የንጉሥ ዕቃ አለበት» እየተባለ ስንት የጥንት ቦታ እንደታረሰ የማያውቅ የለም። የጨዋታው ባለቤቶች እንኳ መሬት ተቆፍሮ እንዲቀበር፣ ባለመሬቱ ሳይጠየቅም እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። የእኛም ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። አዋጁም ጨዋታውም የ1992 ናቸው። ዶማ ይዛችሁ ለወጣችሁት፣ ማን እንደሆናችሁ ባንጠይቅም፣ ይህን ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

ካቡ ምን ነበር? ይህን ስንጠይቅ ነው የራሳችንን ድህነት ያየነው። አንድ አባት የበቅሎ ነጋዴ ጭነቱን አውርዶ የሚያርፍበት ነበር አሉ፤ ድንጋዩ በወገብ ከፍታ የተካበው ጭነት ከበቅሎ ጀርባ ወደ ካቡ ለማሳረፍ እንዲመች ነው አሉ። ሌላው አባት የለም፣ የድሮ ርስት ወሰን ነው አሉ። ሁለቱም ከአባታቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት። ሊያስታርቋቸው የሚችሉት ሰው ባለፈው ክረምት ያረፉት አባት ነበሩ። የየማሳውን፣ የየምንጩን፣ የየጥሻውን ስም ከነምክንያቱ ያውቁ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ስብሰባ «ሄደን እንጻፍላቸው» ተብሎ ተወስኖ ነበር። አዝመራው ይግባ ተባለ፤ አዝመራው ገባ። ረመዳን ይለፍ ተባለ፤ አለፈ። ፋሲካ ይለፍ ተባለ፤ እሱም አለፈ። ከዚያ ለቀብራቸው ሄድን።

ለዚህ ነው ሣጥኑ የማያስፈልገን። የምንደብቀው ነገር የለንም፤ ያለን ነገር ራሱ እየተደበቀብን ነው። የወረዳችንን ስም እንኳ ተመልከቱ፤ ለጋምቦ። ጎረቤታችን ለጋሂዳ። «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ወረኢሉ፣ ወረሂመኑ ስንል ደግሞ «ወረ» የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ከዚህ ስም በፊት ደግሞ ይህ አገር ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ልጆቻችን ሦስቱንም ስም በአንድ መታወቂያ ላይ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ የሚነግራቸው የለም።

ዙሪያችንም ባዶ አይደለም። የጥንቱ መካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ በወሎ ነበር፤ አፄ ናዖድ ጀምረውት በልጃቸው በአፄ ልብነ ድንግል ጊዜ ያለቀ ነው። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አይቶ ጽፎለታል። በ1524 ዓ.ም. በኢማም አህመድ ዘመቻ ሲቃጠልም ከኢማሙ ወገን የነበረው ጸሐፊ አረብ ፋቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በሚባለው መጽሐፉ ስለ ሕንጻው ውበት ጽፏል። ይህን የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ በወሎ እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ማዕድ ተቀምጠን የምናወራው ነው። ሕንጻው ዛሬ የለም፤ ያየነው ያህል የምናውቀው ግን ከሁለቱም ወገን ሰዎች ስለጻፉት ነው። የኛን ካብ ማን ጻፈው?

ወረኢሉ አፄ ምኒልክ ለዐድዋ ሲዘምቱ በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ሠራዊቱ እንዲከት የታዘዘበት ቦታ ነው። የበቅሎ መንገዳችን ላይ የዚያን ጊዜ ስንት ሰው እንደ ረገጠ አስቡት። ወደ ተንታ በኩል ደግሞ መቅደላ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንግሊዞች የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ አወጡት። ከዚያ ከተወሰደው አንዱ ታቦት በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ኖሮ ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ሣጥን ውስጥ ያለ ነገር መገኘቱ እንዲህ ደስ የሚያሰኝበትም ጊዜ አለ። ሴባስቶፖል መድፍ ግን ከመቅደላ አልተነቃነቀም፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ነውና ማን ያነሣዋል።

ተራራውም የኛው ነው። አምባ ፈሪት 4,000 ሜትር የሚጠጋ ነው። ጅብራው፣ አስታው፣ ጓሳው፣ ጭላዳው፤ እኛ ስለለመድነው አይታየንም እንጂ ሌላው ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣለት ነገር ነው። በጨዋታውም ውስጥ ለእንዲህ ያለው ቦታ ሣጥን የሌለበት ዓይነት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሰውየው ቦታው ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ሳይደርስ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ይጠየቃል፤ መልሱን ለጠያቂው ይልካል። ይህን የነገረን ልጁ ነው፤ እኛም «ይኸውልህ፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ብትል ኖሮ» ስንለው «ነገ ተመለስ አላችሁኝ» አለን። ዝም አልን።

የተወሰነው የሚከተለው ነው። ማኅበሩ አንድ ጠንካራ ደብተር ገዝቷል። ወጣቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ፤ የቦታውን ስም፣ ታሪኩንና ማን እንደነገራቸው ይጽፋሉ። ሁለት አባቶች ካልተስማሙ ሁለቱም ይጻፋል፤ ልጆቹ ዳኛ አይሆኑም። እናቶች እንዳይረሱ፤ የምንጭና የማገዶ መንገድ ስም በእናቶች ዘንድ ነው ያለው። እኛ ወንዶቹ የምናውቀው የገበያውን መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ባለመሬቱ ወይም የቦታው ጠባቂ ሲፈቅድ ብቻ ቁጥሩ በስልክ ተወስዶ ይመዘገባል፤ አንድ ጥያቄም ይወጣለታል። ለምሳሌ «ከካቡ አጠገብ ያለው የኮሶ ዛፍ ከሥሩ ስንት ቦታ ይከፈላል» የሚል። መልሱን ያገኘ እንግዳ ለቦታው ከሚቀርበው ቤት ሄዶ ስሙን በደብተር ይጽፋል። እዚያ ቡና ቢፈላለት፣ ገንዘቡም ለቤቱ እመቤት ቢሆን ማኅበሩ እጁን አያስገባም። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብርና ጠበል ግን ጠባቂዎቹ ራሳቸው መጥተው ካልጠየቁ አይመዘገቡም። በቀን ብርሃን እንጂ በማታ የሚወጣም የለም፤ ሚሊሻዎቹም የቦታዎቹ ዝርዝር እንዲደርሳቸው ይደረጋል።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፈው ካቡ ነው። ሁለቱም አባቶች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ የበቅሎ ማረፊያው ባንድ ወገን፣ የርስት ወሰኑ በሌላው ወገን ተጽፏል። ከታችም «በጥቅምት ፈረሰ» የሚል አለ፤ እሱም ታሪክ ሆነ። ሃያ አምስት ሳንቲሟ በጽሕፈት ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ልጁ ልውሰዳት ቢል ይወስዳል።

ካቡን በመጪው እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ መልሰን እንክባለን። ሁለቱ አባቶች ድንጋዩ በየት በኩል እንደነበረ ቆመው ያሳዩናል፤ ለእነሱ መቀመጫና ጋቢ የሚያመጣ ሰው ይመዝገብ። ድንጋዩ እዚያው ስላለ ከሌላ ቦታ ድንጋይ አታምጡ። ዶማም አያስፈልግም። ባለፈው ሌሊት ይዛችሁት የወጣችሁት ግን እጃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ማንም ምንም አይላችሁም።